የትናንቱ ፋይል የት ነው?

የብዙ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲከፈት ዴስክቶፑ ላይ የሚታየው ትርምስ አንድ ዓይነት ነው። «ሪፖርት»፣ «ሪፖርት አዲሱ»፣ «ሪፖርት የታረመ»፣ «ሪፖርት የመጨረሻ»፣ ከጎኑ ደግሞ «የመጨረሻ 2»። ለሥራ አስኪያጁ የተላከው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ያዘጋጀው ሠራተኛ ብቻ ነው። እሱ የዓመት ፈቃድ ከወጣ ቢሮው ሁሉ ግራ ይጋባል።

ከእነዚህ ፋይሎች አብዛኞቹ የሚወለዱት በአንድ መንገድ ነው። ሠራተኛው ጠዋት ገብቶ ዳታቤዙን ይከፍታል፣ ትናንት የጠየቀውን ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፦ በየቅርንጫፉ ስንት ተሸጠ? ስንት ታካሚ መጣ? መጋዘን ውስጥ ምን ቀረ? መልሱን ወደ ፋይል ያወጣል፣ ስም ያወጣለታል፣ ይልካል። የሙያው ሰዎች «ኩዌሪ አሂዶ ኤክስፖርት ማድረግ» ይሉታል። ቅዳሜና እሑድ ሰው የለም፤ በበዓል ማግሥት ይረሳል፤ ሰኞ ጠዋት የሦስት ቀኑ ተጠራቅሞ ይጠብቃል።

ሥራው ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ዳታቤዝ በአብዛኛው የሚያውቀው የአሁኑን ነው። የደንበኛ ሒሳብ ሲቀንስ የትናንቱ ቁጥር በዛሬው ይተካል፤ ከመጋዘን ዕቃ ሲወጣ ቀሪው ይለወጣል። ከሁለት ወር በኋላ ኦዲተር መጥቶ «መጋቢት 3 ቀን ምሽት ላይ ቀሪው ስንት ነበር?» ቢል፣ ታሪኩን እየመዘገበ እንዲያስቀምጥ ካልተሠራ በቀር ዳታቤዙ መልስ የለውም። መልስ የሚኖረው በዚያ ምሽት የወጣ፣ ቀኑ የተጻፈበት ፋይል ካለ ነው። ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ሳይጻፍበት ከመዝገብ ቤት እንደማይወጣ ሁሉ፣ ከዳታቤዝ የሚወጣ ፋይልም ቀኑን ስሙ ላይ ይዞ መውጣት አለበት። ልዩነቱ እዚህ ቀኑን የሚጽፈው ሰው ሳይሆን ማሽኑ ራሱ መሆኑ ነው።

ማሽኑን ለማሠራት ሦስት ነገሮች ይገናኛሉ። አንደኛው ጥያቄው ነው። የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 መረጃን በሠንጠረዥ ስለማደራጀት ያሳተመው ጽሑፍ መሠረቱን ጣለ፤ የዚያው ድርጅት ባልደረቦች ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ደግሞ በ1974 ዛሬ ኤስኪውኤል የሚባለውን የመጠየቂያ ቋንቋ አስተዋወቁ። ሁለተኛው መልሱን ወደ ፋይል የሚያወጣውና ስም የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። ሦስተኛው ሰዓት ጠባቂው ነው፤ በዩኒክስና በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ክሮን፣ በዊንዶውስ ላይ ታስክ ስኬጁለር ይባላል። «በየቀኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይህን ሥራ» ተብሎ አንድ ጊዜ ከተነገረው፣ መብራትና ሰርቨር እስካሉ ድረስ ይሠራል።

በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር ግን ጀማሪ ባለሙያዎችን ግማሽ ቀን የሚያስጨርሱ ጥቃቅን ወጥመዶች አሉት፤ ደግነቱ ወጥመዶቹ የታወቁ ናቸው።

በኢትዮጵያ ባንኮችም የሚታወቀው ዳታቤዝ ኦራክል፣ ኤስኪውኤል ፕላስ በሚባለው መሣሪያው ውስጥ «ስፑል» የሚል ትእዛዝ አለው፤ ከዚያ በኋላ ስክሪን ላይ የሚወጣውን ሁሉ ወደ ፋይል ይገለብጣል። ቀኑን ስሙ ላይ ለማስገባት መጀመሪያ ዳታቤዙ ራሱ የዛሬን ቀን ይጠየቃል፣ መልሱ በተለዋዋጭ ይያዛል፣ ተለዋዋጩ በፋይሉ ስም ውስጥ ይገባል። ችግሩ ነጥቧ ናት። ኤስኪውኤል ፕላስ ከተለዋዋጭ ስም ቀጥላ የምትመጣውን ነጥብ «ስሙ እዚህ አበቃ» ብሎ ይውጣታል። ስለዚህ ሲኤስቪ ከሚባለው የጽሑፍ ፋይል ዓይነት ቅጥያ በፊት አንድ ነጥብ ብቻ የጻፈ ሰው ቀኑና ቅጥያው የተጣበቁበት፣ መጨረሻው ላይም መሣሪያው ከራሱ ሌላ ቅጥያ የጨመረበት ፋይል ያገኛል። መፍትሔው ነጥቧን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው።

ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ሌላ ጠባይ አለው። ውጤትን ወደ ፋይል ሲያወጣ በዚያ ስም ፋይል ካለ አልሠራም ይላል። የቆየን ፋይል፣ ይልቁንም የሲስተሙን ፋይል፣ በስህተት እንዳይደመስስ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። ውጤቱ ግን ቋሚ ስም የተሰጠው ሥራ የመጀመሪያ ቀን ሠርቶ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ይቆማል። እዚህ ላይ ቀን የተጻፈበት ስም ለሥርዓት ብቻ ሳይሆን ሥራው እንዲሠራም ግድ ነው።

ከሁሉም ብዙ ሰው ያንገላታው የክሮን የመቶኛ ምልክት ሳይሆን አይቀርም። በዩኒክስ የቀን ትእዛዝ ዓመቱም ወሩም ቀኑም የሚጠሩት በመቶኛ ምልክት ነው። ክሮን ደግሞ በጊዜ ሰሌዳው ላይ ያንን ምልክት ሲያይ መስመሩ ያለቀ ይመስለዋል። በእጅ ሲተየብ በትክክል የሠራው ትእዛዝ ሌሊት ላይ ለሁለት ተቆርጦ ይወድቃል፤ ባለሙያውም ጠዋት መጥቶ ያንኑ ትእዛዝ በእጁ ይሞክረዋል፣ ይሠራል፣ ይደነግጣል። ትእዛዙን በተለየ ስክሪፕት ውስጥ አስቀምጦ ክሮን ስክሪፕቱን ብቻ እንዲጠራ ማድረግ ከዚህ ጣጣ ይገላግላል።

የቀኑ አጻጻፍም ቢሆን ለእያንዳንዱ ሰው ምርጫ የሚተው አይደለም። በቢሮ ልማድ 07/03/2025 ብሎ መጻፍ ይቀናል። ነገር ግን ያቺ ዘንባላ ሰረዝ በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ የተከለከለች ናት፤ በሊኑክስ ደግሞ የፎልደር መለያ ናት። ሰዓት ለመጻፍ የምትገባው ሁለት ነጥብም በዊንዶውስ አትፈቀድም። ከዚህ በላይ፣ ዋሽንግተን ያለ ኢትዮጵያዊ ወሩን አስቀድሞ፣ አዲስ አበባ ያለው ባልደረባው ቀኑን አስቀድሞ ስለሚጽፍ 03/04 አንዱ ዘንድ ማርች 4፣ ሌላው ዘንድ ኤፕሪል 3 ነው።

አይኤስኦ 8601 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲወጣ ይህን ጭቅጭቅ የዘጋው ከትልቁ ወደ ትንሹ በመሄድ ነው፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። 2025-03-07። ጥቅሙ አለመግባባትን ከማስቀረት ያልፋል። ኮምፒውተር የፋይል ስሞችን የሚደረድረው ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ ስለሆነ፣ በዚህ መልክ የተሰየሙ ፋይሎች ያለ ማንም እገዛ በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ይሰለፋሉ። ዜሮዋ ግን እንዳትረሳ፤ 3 ብቻ ተብሎ ከተጻፈ 10 ከ3 በፊት ይቀመጣል።

ከተሰለፉ በኋላ የሚታየው ነገር የዚህ ሁሉ ድካም ዋና ፍሬ ነው፦ የጎደለው ቀን። 05፣ 06፣ 08 ብሎ ሲሄድ 07 የት ሄደ የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። በየቀኑ በአንድ ስም ላይ እየተደረበ የሚጻፍ ፋይል ይህን ፈጽሞ አያሳይም፤ ከሳምንት በፊት የቆመ ሥራም ቢሆን ፋይሉ ቦታው ላይ ተቀምጦ ደህና ይመስላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ግን ከአጻጻፉ የከበደ ነው። የትኛው ቀን? ሥራው ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይሠራል እንበል። ውስጡ ያለው የማክሰኞ ሽያጭ ነው። ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት ከሆነ ቀኑን ሲጠየቅ «ረቡዕ» ይላል። ብዙዎቹ የክላውድ ሰርቨሮች እንደሚያደርጉት በዓለም አቀፉ ሰዓት በዩቲሲ ከሆነ ግን፣ ኢትዮጵያ ከዚያ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ለእሱ ገና ማክሰኞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ያው ሥራ፣ ያው ቅጽበት፣ ሁለት ስም። ድርጅቱ አንድ ቀን ዳታውን ቢሮው ውስጥ ካለው ሰርቨር ወደ ክላውድ ሲያዛውር አንድ ቀን ሁለት ፋይል ሊኖረው ይችላል፤ ወይም ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይደመስሰዋል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚለወጥ ሰዓት አለባቸው፤ በጸደይ አንድ የሌሊት ሰዓት ይዘለላል፣ በመከር አንድ ሰዓት ይደገማል።

ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ስሙ ላይ የሚጽፉት ሥራው የተሠራበትን ሳይሆን መረጃው የሚመለከተውን ቀን ነው። ያንን ቀን መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያሰላሉ፤ ጥያቄውም የፋይሉ ስምም ከዚያው ይወስዳሉ። ጥያቄው ለብቻው «ዛሬ» ብሎ፣ ስሙም ለብቻው «ዛሬ» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ ተጀምሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለቀ ሥራ ውስጡና ስሙ ይለያያሉ። ቀኑን ከውጭ መቀበል መቻሉም ይጠቅማል፤ የማክሰኞው ሥራ ወድቆ ሐሙስ ቢደገም «ማክሰኞን ሥራ» ተብሎ ይታዘዛል እንጂ የሐሙስ ስም ይዞ አይወጣም።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠር ይጨመራል። 2017-06-12 የሚል ስም ያለው ፋይል ቢገኝ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው ወይስ ጁን 12 ቀን እ.ኤ.አ. 2017? የመጀመሪያው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2025 ነው። በሁለቱ መካከል ከ7 ዓመት ተኩል በላይ አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁለቱንም ያለ ቅሬታ ይቀበላል። 2017-02-30 ቢሆን ይሻል ነበር፤ ጥቅምት 30 እንጂ ፌብሩዋሪ 30 የለምና ሲስተሙ ራሱ ይጮኻል። 13ኛው ወር ጳጉሜን እንዲሁ ያስጮኸዋል።

ወር መጨረሻም ሌላ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ወርኃዊ ሪፖርትም የሚዘጋው በኢትዮጵያ ወር ነው። ክሮን ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ወር የሚያልቅበት ቀን በፈረንጁ ወር ላይ ከቦታ ቦታ ይሄዳል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ደግሞ ለወራት በአንድ ቀን ይገፋል። ስለዚህ ሥራው በየቀኑ እንዲነሣ ተደርጎ፣ ስክሪፕቱ መጀመሪያ ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይሮ «ዛሬ 30 ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ካልሆነ ተመልሶ ይተኛል። በነገራችን ላይ በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ካላንደር ለፕሮግራመር ደግ ነው፤ 28 ይሁን 29፣ 30 ይሁን 31 እያሉ መጨነቅ የለም፣ ጳጉሜን ብቻ ለይቶ መያዝ ነው።

መሣሪያ የለም የሚለው ሰበብም ዛሬ አይሠራም። አይሲዩ የተባለው ነጻ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀውና የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም የሚጠቀምበት የጤና መረጃ ሲስተም ዲኤችአይኤስ 2 ሪፖርትን በኢትዮጵያ ወር ይቀበላል። የፋይሉ ስም ላይ የትኛው ይጻፍ ለሚለው፣ ከውጭ ሲስተሞች ጋር ለሚነካካ ፋይል እ.ኤ.አ. ቢሆን፣ የኢትዮጵያው ቀን ደግሞ በፋይሉ ውስጥ በራሱ ዐምድ ቢቀመጥ ይመረጣል። የኢትዮጵያው ስሙ ላይ ከገባ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ሳይጨመርበት መውጣት የለበትም። ሁለቱን በአንድ ፎልደር ቀላቅሎ ማስቀመጥ ግን ነገ ለሚመጣው ሠራተኛ የተጠመደ ወጥመድ ነው።

ቀኑ ተስተካክሎ፣ ፋይሉ በሰዓቱ እየወጣም ጉድ ሊፈላ እንደሚችል እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 አሳይታለች። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ላቦራቶሪዎች የምርመራ ውጤታቸውን በሲኤስቪ ፋይል ለሕዝብ ጤና ተቋሙ፣ ለፐብሊክ ኸልዝ ኢንግላንድ ይልኩ ነበር። እዚያ አንድ አውቶማቲክ ሥራ ፋይሎቹን እየሰበሰበ ወደ ኤክሴል ያስገባቸዋል፤ ከዚያ ወደ ማእከላዊው ሲስተም ያልፋሉ። ኤክሴሉ ግን የድሮው ዓይነት ነበር። አንድ ገጹ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም፤ ከ2007 ወዲህ ያለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይይዛል። አንድ ሰው ብቻውን ብዙ ረድፍ ስለሚወስድ አንዱ ፋይል የሚሸከመው 1,400 ገደማ ሰው ብቻ ሆነ። ከዚያ የተረፈው ተቆርጦ ቀረ። ማንም ስህተት የሚል መልእክት አላየም።

ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ባሉት ቀናት 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ውጭ ሆኑ። ለሰዎቹ ውጤታቸው ተነግሯቸዋል፤ ነገር ግን አብረዋቸው የነበሩትን ፈልገው የሚያስጠነቅቁት ክፍሎች ስማቸው በጊዜው አልደረሳቸውም። በወረርሽኝ ጊዜ አንድ ሳምንት ብዙ ነው። ፋይሉ በየዕለቱ ቦታው ላይ ነበር፤ የጎደለው ውስጡ ነው። አንድ የማነጻጸሪያ መስመር፣ «ከላቦራቶሪ የመጣው ይህን ያህል ረድፍ፣ ወደ ሲስተሙ የገባው ይህን ያህል» የምትል፣ በመጀመሪያው ቀን ታጋልጠው ነበር። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ባለሙያዎች ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር የረድፍ ብዛቱን የሚመዘግቡት፤ አንዳንዶቹ የፋይሉ የመጨረሻ መስመር ላይ ይጽፉታል።

በጊትላብ የደረሰው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ይህ የፕሮግራመሮች አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ምሽት ላይ ችግር ሲገጥመው፣ አንድ ኢንጂነር ተጠባባቂውን ሰርቨር የሚያጸዳ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር ደመሰሰ። ነቅቶ ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው ወደ 4 ተኩል ጊጋባይት ብቻ ነበር። ችግር የለም፣ በየዕለቱ የሚወጣ ባክአፕ አለ ተባለ። የባክአፑ ማከማቻ ሲከፈት ባዶ ነው።

ምክንያቱ ጥቃቅን ነበር። ዳታውን የሚያወጣው ፕሮግራም ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ 9.2 ስሪት ሲሆን ዳታቤዙ 9.6 ስለነበር ሥራው በየቀኑ ይወድቅ ነበር። መውደቁን የሚናገር ኢሜይል ይላካል፤ ኢሜይሉ ግን ተገቢው ማረጋገጫ ስላልነበረው የተቀባዩ ሲስተም ይመልሰው ነበር። ድርጅቱን ያዳነው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ጉዳይ በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ በመካከል ያለው የስድስት ሰዓት ሥራ ጠፋ። ጊትላብ ጥፋቱን ሳይሸሽግ የማዳኑን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ፣ ምርመራውንም በዝርዝር አሳተመ፤ ሊመሰገን የሚገባው ድፍረት ነው። ከዚያ የተማሩ ቡድኖች ሥራው ሲወድቅ የሚመጣ መልእክት ላይ ብቻ አይተማመኑም። የተለየ ሌላ ሥራ ጠዋት ተነሥቶ «የትናንቱ ፋይል አለ?» ብሎ ያያል፤ ከሌለ ስልክ ላይ ይደውላል።

ፋይሉ ደርሶ ሲከፈት ደግሞ ኤክሴል የራሱን ያክላል። ሲኤስቪ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ኤክሴል ግን ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ቁጥር ያደርጋል። በ09 የሚጀምር ስልክ ዜሮውን ያጣል። ኤክሴል በትክክል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ፣ በፋይዳ ካርድ ላይ የሚታየው ባለ 16 አሃዝ ቁጥር የመጨረሻው አሃዝ ወደ ዜሮ ይለወጥበታል፤ ፋይሉ አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ አይመለስም። የሰው ዘረ መል ስያሜ የሚያወጣው ኮሚቴ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2020 «ማርች 1» ከሚመስሉ ስሞች የተወሰኑትን ለመቀየር ተገዷል፤ ኤክሴል ወደ ቀን እየለወጠ አስቸገረና።

የግእዝ ፊደልም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል፤ ዳታቤዞችም ያለ ችግር ይይዙታል። ነገር ግን በሚወጣበት መንገድ ላይ ያለው ግንኙነት ለሌላ ፊደል የተዘጋጀ ከሆነ የደንበኛው ስም የጥያቄ ምልክት ረድፍ ሆኖ ይወጣል። ዩኒኮድ በሚጻፍበት በዩቲኤፍ-8 ከወጣም በኋላ መጀመሪያው ላይ የፊደሉን ዓይነት የሚናገር ስውር ምልክት ከሌለ ኤክሴል ሲከፍተው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሊያሳይ ይችላል። የኋለኛው ይድናል። የጥያቄ ምልክት የሆነው ግን ፊደሉ ከፋይሉ ጠፍቷል፤ እንደገና ከዳታቤዙ ማውጣት ብቻ ነው መፍትሔው።

ፋይሎቹ ሲበዙ ዲስክ ይሞላል፤ ስለዚህ «ከ30 ቀን በላይ የቆየውን አጥፋ» የሚል ሌላ ሥራ ይጨመራል። ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው። የሚያወጣው ሥራ ቆሞ የሚያጠፋው ከቀጠለ፣ በ31ኛው ቀን ፎልደሩ ባዶ ይሆናል። በቀን ፈንታ በብዛት ማዘዝ፣ ማለትም «የቅርብ ጊዜዎቹን 30 ፋይሎች አስቀር» ማለት፣ ከዚህ ይጠብቃል።

ዳታቤዙ የይለፍ ቃልና የተጠቃሚ ደረጃ አለው፤ ከእሱ የወጣው ሲኤስቪ ግን ፎልደሩን ላገኘ ሁሉ ክፍት ነው። የሰዎች ስም፣ ስልክና ሒሳብ ያለበት ፋይል ከሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደሚመለከተው የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ሊያውቁት ይገባል። ፎልደሩ ማን ማን እንደሚከፍተው ይጣራ። ከሰኔ 30 በፊትም ካለፉት ወራት አንዱን ፋይል መርጠው ይክፈቱ፣ ረድፉን ይቁጠሩ፣ ከታተመው ሪፖርት ጋር ያስተያዩ፤ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ የጎደለው ቢታወቅም የዚያን ቀኑን ቁጥር ከዳታቤዙ መልሶ ማውጣት በአብዛኛው አይቻልም።